ከዜሮ ኪሎ ሜትር የሚለካ ርቀት፦ የአንድ ራጅ ጉዞ በቦታና በጊዜ

ፒያሳ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትና ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. የተመረቀ ግዙፍ ሕንፃ ይገኛል። ዛሬ የአድዋ ድል መታሰቢያ ይባላል፤ በሚገነባበት ጊዜ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው «አድዋ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር» በሚለው ስም ነበር። ስሙ ከአዲስ አበባ ወደ አራቱም ማዕዘን የሚወጡ መንገዶች ርቀት የሚቆጠረው ከዚሁ ሥፍራ ነው የሚለውን ሐሳብ የያዘ ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ርቀት መነሻ ነጥብ ካልተሰጠው ትርጉም አይኖረውም። ይሁን እንጂ ለታመመ ሰው ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ ነውን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ የሳንባ ራጅ ምሳሌነት እንመለከታለን።

ምሳሌው ከሩቅ የመጣ አይደለም። አክስቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ማለት ይቻላል የኖሩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ጤና ጣቢያው በእግር የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነበር፤ ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅም በስማቸው ታውቃቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ለልማት ሲነሣ እርሳቸውም እንደ ጎረቤቶቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። ባለፈው ዓመት ሳል ጸናባቸውና ለአዲሱ ቤታቸው ወደሚቀርበው የሕክምና ተቋም ሄደው ራጅ ተነሡ። ሐኪሙ ፊልሙን በብርሃን ሣጥኑ ላይ ሰቅለው ከተመለከቱ በኋላ በቀኝ ሳንባቸው የላይኛው ክፍል ላይ ነጣ ያለ ጥላ እንዳለ ነገሯቸውና «እናቴ፣ ከዚህ በፊት የተነሡት ራጅ አለ?» ሲሉ ጠየቋቸው።

አክስቴ ከሃያ ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታመው፣ ታክመው ድነዋል። ያኔ የተነሡት ፊልም ነበራቸው። የት እንዳለ ግን አላወቁም፤ የቤቱ ዕቃ በአንድ ቀን ተጭኖ ነው የወጣው። ካርዳቸውም የቀረው በቀድሞው ጤና ጣቢያ ነው።

ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ጥላው የድሮ ጠባሳ ከሆነ ሕክምና አያስፈልገውም። አዲስ ከሆነ ግን የነቀርሳው መመለስ፣ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ የሚቀልለው ማስረጃ የቀድሞው ምስል ነው። እርሱ ከጠፋ የሚቀረው መንገድ ሲቲ ስካን ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ከገንዘቡ ሌላ የጨረር ዋጋም አለው። አንድ ተራ የደረት ራጅ ለሰውነት የሚሰጠው የጨረር መጠን ወደ 0.1 ሚሊ ሲቨርት ነው፤ ማንኛውም ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በሁለት ሳምንት ውስጥ በተፈጥሮ ከሚያገኘው ጋር ይተካከላል። የደረት ሲቲ ስካን ግን በተለምዶ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሲቨርት ይደርሳል። ይህም ማለት አንድ ፖስታ በመጥፋቱ ምክንያት ሕመምተኛዋ የሃምሳና የስድሳ ራጅ ያህል ጨረር ሊቀበሉ ነው ማለት ነው።

ራጅና አድዋ

«ራጅ» የሚለው ቃል እንደ «ፒያሳ» ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ በጣሊያንኛ «ራጂ» ማለት ጨረሮች ማለት ነው። ጨረሩና አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙበት አጋጣሚም ከአድዋ ጋር የተያያዘ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስ ጨረርን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነበር። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896) የአድዋ ጦርነት ተካሄደ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ጦር ሌተና ኮሎኔል፣ ከኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው ወደ ኔፕልስ የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በአዲሱ ጨረር አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ቦታ አገኘ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህንን ኤክስ ጨረር ለጦር ቁስለኞች የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ አድርገው ይጠቅሱታል።

እንግዲህ የተሸነፈው ወታደር ቁስል በዓለም አዲሱ በሆነው መሣሪያ ሲታይ፣ ያሸነፈው ገበሬ ጥይቱን በሥጋው እንደያዘ ወደ ቀዬው ተመለሰ። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በዚያው ዓመት በሐረር በኩል አዲስ አበባ ደርሰው ብዙ ቁስለኞችን ማከማቸው፣ ከዚያም ጅምር የተነሣ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መመሥረቱ እውነት ነው። ይሁንና ልዩነቱን የፈጠረው ኔፕልስ መሣሪያው ከሚገኝበት ላቦራቶሪ አጠገብ መሆኗ ነው። ሕመምተኛው ወደ መሣሪያውና ወደ ባለሙያው እንዲጓዝ የሚያስገድደው ሥርዓት ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ብዙም አልተለወጠም። ዛሬም በማለዳ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚወርድ ሰው፣ ትልቅ ፖስታ በብብታቸው ሸጉጠው መንገድ የሚጠይቁ ባላገሮችን ማየቱ አይቀርም። ፖስታው ውስጥ ያለው ራጅ ነው፤ አንዳንዴም «ሪፈር» የተባለችው ወረቀት አብራ አለች።

በዚህ ቦታ ላይ የዲጂታል ቴክኖሎጂ ሐሳብ ይመጣል። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው የሰውዬውን የሳንባ ምስል ከሆነ፣ ሰውዬው ስለምን ይጓዛል? ምስሉ ይጓዝ። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው፤ ሆኖም የተፈጥሮ ሕግ በነፃ አያሳልፈውም።

አንድ ፊልም ስንት ቢት ነው?

ኤክስ ጨረር በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ አጥንት አብዝቶ፣ አየር የሞላበት ሳንባ ደግሞ ጥቂት ብቻ ይውጠዋል። ከሰውነት ወጥቶ ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ቀሪ ጨረር ጥላውን ይሥላል። በዲጂታል መሣሪያ በፊልሙ ምትክ ጨረሩን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች፣ ማለትም በፒክስሎች የተከፋፈለ ነው።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራ። የአዋቂ ሰው የደረት ራጅ ስፋት 35 በ43 ሴንቲ ሜትር ነው። የእያንዳንዱ ፒክስል ጎን 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 1,750 በ2,150፣ በድምሩ ወደ 3.76 ሚሊዮን ፒክስሎች ይኖራሉ። ለእያንዳንዱ ፒክስል የግራጫነቱን ደረጃ ለመመዝገብ 12 ቢት ያህል ያስፈልጋል፤ 4,096 ደረጃዎች ማለት ነው። ኮምፒውተር ይህንን በሁለት ባይት (በ16 ቢት) ስለሚያስቀምጠው ጠቅላላው 7.5 ሜጋ ባይት፣ ማለትም ወደ 60 ሚሊዮን ቢት ይሆናል።

አሁን ይህንን በተራ የስልክ መስመር እንላከው። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ሥራ፣ ማንኛውም መስመር በሰከንድ ሊያሳልፍ የሚችለው የመረጃ መጠን ጣሪያ እንዳለው አረጋግጧል። ጣሪያውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ መስመሩ የሚያስተላልፈው የድግግሞሽ ስፋትና የምልክቱ ኃይል ከሁካታው ኃይል ጋር ያለው ንጽጽር። የድምፅ ስልክ ከ300 እስከ 3,400 ሄርትዝ ያስተላልፋል፤ ስፋቱ 3,100 ሄርትዝ ነው። ምልክቱ ከሁካታው አንድ ሺህ ጊዜ ይበልጣል እንበል። የ1,001 ሎጋሪዝም በመሠረተ ሁለት 10 ያህል ነው። ሁለቱን ስናባዛ በሰከንድ 31 ሺህ ቢት ገደማ እናገኛለን። በዕድሜ ጠና ያላችሁ አንባቢዎች የምታስታውሱት፣ ሲገናኝ እየጮኸ ጆሮ የሚያደነቁረው ሞደም በሰከንድ 33.6 ኪሎ ቢት ይልክ የነበረው በአጋጣሚ አልነበረም፤ የሻነን ጣሪያ ጋ ደርሶ ነው።

በዚህ ፍጥነት የአንድ ደረት ራጅ ጉዞ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይህ የሚታገሡት ነው። ሲቲ ስካን ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ምስል 512 በ512 ፒክስል፣ ማለትም ግማሽ ሜጋ ባይት ሲሆን፣ 300 ቁራጭ ያለው አንድ ምርመራ ወደ 157 ሜጋ ባይት ይመዝናል። በስልክ መስመሩ ለመላክ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከነቀምት የሚነሣ አውቶቡስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ምሳ በልቶ፣ አንድ ጎማም ቀይሮ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ይገባል። ሹፌሩ ኪስ ውስጥ አንድ ሲዲ ቢያኖሩለት ከስልኩ መስመር የተሻለ የመረጃ መተላለፊያ ነው ብል እንደ ቀልድ አይቆጠርብኝ፤ ስሌቱ የሚለው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጥቁር አንበሳን ከክልል ሆስፒታሎች ጋር በስልክ መስመር ለማገናኘት የተደረገው የቴሌሜዲሲን ሙከራ ለምን በቆዳ ፎቶ፣ በናሙና ምስልና በራጅ ላይ እንዳተኮረ መረዳት አያዳግትም። አሠራሩም በቀጥታ ከመነጋገር ይልቅ አስቀምጦ የመላክ ነበር፤ ምስሉ ሌሊት ሲጓዝ አድሮ ባለሙያው ጠዋት ያየዋል። የመስመሩ ጥበት ያስተማረው ይህ ትሕትና፣ በእኔ አስተያየት፣ በኋላ ከመጡት ሰፋፊ ዕቅዶች ይልቅ ለአገራችን የሚስማማ ነበር።

ሰማይ ላይ የተዘረጋ መስመር

በመስከረም 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2004) የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩትና በሮኬት ሳይንስ ሥራቸው የሚታወቁት ዶክተር አብዱል ካላም፣ ጆሐንስበርግ ላይ ለፓን አፍሪካ ፓርላማ ባደረጉት ንግግር የአፍሪካን አገሮች ከሕንድ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በሳተላይትና በፋይበር የሚያገናኝ ኔትወርክ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ለሙከራ የተመረጠችው አገር ኢትዮጵያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቁር አንበሳና የነቀምት ሆስፒታል በሕንድ ሐይደራባድ ከሚገኘው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። በነቀምት የተነሣ ራጅ ባለሙያ ሐይደራባድ ላይ ያነበዋል፤ ሐኪሞቹም በመስታወቱ ፊት ተቀምጠው ይማከራሉ።

የሳተላይቱን መንገድ እንመልከት። ከምድር ጋር እኩል እየዞረ ከአንድ ቦታ በላይ ቆሞ የሚታየው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መሆን ግዴታው ነው፤ ከዚህ ዝቅ ካለ ይቀድመናል፣ ከፍ ካለ ይዘገያል። በቀጥታ ቢሄዱ አዲስ አበባና ሐይደራባድ 4,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የሬዲዮ ሞገዱ ግን ወጥቶና ወርዶ ቢያንስ 71,600 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በብርሃን ፍጥነት 0.24 ሰከንድ ነው። የነቀምቱ ሐኪም ጠይቀው መልስ እስኪሰሙ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል። ይህ ለፎቶ ምንም አይደለም፤ ለንግግር ግን ይታወቃል። ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ከዚያም ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ። እንዲህ ያለ ስልክ ያነጋገረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል።

ይሁንና ይህን አሠራር የከበደው ግማሽ ሰከንዱ ነው ብዬ አላምንም። ለቀጥታ ምክክር ሁለት ሐኪሞች፣ ሁለት ቴክኒሻኖችና ሁለት የተዘጋጁ ክፍሎች፣ የሁለት ሰዓት ተኩል ልዩነት ባላቸው ሁለት አገሮች በአንድ ቅጽበት መገኘት አለባቸው። የሚበልጠው ሕመም ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረችው የኔትወርኩ ሁለተኛ ምዕራፍ በተለይ የተተከለ መስመር ትቶ በተለመደው ኢንተርኔት ላይ መመሥረቱ፣ ከመጀመሪያው የተገኘ ትምህርት መኖሩን ያመለክታል።

በመካከሉ መስመሩ ራሱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአራተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያም ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለተኛ ኦፕሬተር ሥራ ጀመረ። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ መጠነኛ ግንኙነት ቢገኝ፣ ያ ግማሽ ሰዓት የፈጀው ራጅ በ6 ሰከንድ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀው ሲቲ ስካን በሁለት ደቂቃ ይደርሳል። ኤሌክትሪኩም ቢሆን እንደሚታሰበው እንቅፋት አይደለም። አንድ የራጅ መሣሪያ በ100 ሺህ ቮልትና በ200 ሚሊ አምፒር ሲሠራ 20 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ የገጠር መስመር ይህን አይችለውም። ነገር ግን የሚፈልገው ለ0.02 ሰከንድ ብቻ ነው። የሚወስደው ጉልበት 400 ጁል፣ አንድ ባለ 10 ዋት አምፑል በ40 ሰከንድ የሚጨርሰው ነው። ስለሆነም ጉልበቱን ቀስ ብሎ በባትሪ አጠራቅሞ በአንድ ቅጽበት የሚለቅ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ መሥራት ተችሏል።

የማንበቡስ ነገር? የራጅ ስፔሻሊስቶች የሚበዙት በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት ኮምፒውተር ራጁን እንዲያነብ ፈቅዷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም ቁጥሩን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ለምሳሌ ያህል፣ ከ100 ሕመምተኞች 90ውን የሚይዝ፣ ከ100 ጤነኞችም 90ውን በትክክል የሚያሳልፍ ፕሮግራም አለን እንበል። ዐሥሩ ብቻ በታመሙበት የአንድ ሺህ ሰው ቀበሌ ብናሠራው 9 ሕመምተኞችን ይይዛል። ከ990 ጤነኞች መካከል ደግሞ 99ኙን በስሕተት «ታማሚ» ይላል። ከተጠቆሙት 108 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 9 ብቻ ናቸው። በተለይም ማሽኑ በብዛት የሚሳሳተው ቀድሞ ነቀርሳ ታመው በዳኑ፣ ጠባሳው በቀረባቸው ሰዎች ላይ ነው። እንደ አክስቴ ማለት ነው።

በጊዜ ውስጥ መጓዝ

ከዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ምስልን በቦታ ውስጥ ስለማጓጓዝ ነው፤ ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐይደራባድ። ይህ ችግር፣ በፊዚክስ ረገድ፣ ተፈትቷል ማለት ይቻላል። የአክስቴ ችግር ግን የተለየ ነው። ምስሉ መጓዝ የነበረበት ከአንድ ዓመት ወደ ሌላ ዓመት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ፒያሳ ላይ የተነሣ ራጅ ዛሬ በከተማዋ ዳርቻ በሚገኝ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ መድረስ ነበረበት። ለዚህ ጉዞ የሻነን ሕግ አይከለክልም፤ የብርሃን ፍጥነትም አያዘገይም። የጎደለው ማኅደር ነው።

ለዶክትሬት ትምህርቴ ስዊድን፣ ኡፕሳላ በነበርኩበት ጊዜ ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር የምጠየቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ቁጥሩን ስናገር ምስሉም፣ የደም ውጤቱም፣ የቀድሞ ሐኪሜ ማስታወሻም ይመጣል። የኡፕሳላ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕመምተኞች የራሳቸውን መዝገብ በኢንተርኔት እንዲያነቡ ሲፈቅድ ብዙ ሐኪሞች ተቃውመው ነበር፤ ሕመምተኛው ያልገባውን አንብቦ ይደነግጣል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ሥርዓቱ በኋላ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። የእኔን ትኩረት የሳበው ግን ሌላ ነው፤ ቤት የሚለውጥ ሰው ስለ ካርዱ አያስብም።

በአገራችንም ጅምሩ የለም ማለት አይቻልም። የሕክምና ምስል በየትኛውም ኩባንያ መሣሪያ እንዲነበብ የሚያደርገውና እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ዳይኮም በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ዲጂታል መሣሪያ በገባበት ሆስፒታል ሁሉ አብሮ ገብቷል። ከምስሉ ጋር የሕመምተኛው ስም፣ ቁጥር፣ ቀንና የመሣሪያው ልክ በአንድ ፋይል ይታሠራሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ የሚሞሉት የቤተሰብ ማኅደርም ከወረቀት ወደ ታብሌት እየተሸጋገረ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 «ፋይዳ» የተባለውን ልዩ ቁጥር ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ማን የማንን መረጃ ማየት እንደሚችል የሚገዛ ሕግ ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው አደገኛ በሆነ ነበር፤ ነቀርሳ መታመማቸው እንዲታወቅባቸው የማይፈልጉ ብዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ክፍሎች ገና እርስ በርስ አልተያያዙም። አንዱ ሆስፒታል ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ምስል ለሌላው ሆስፒታል የሚደርሰው አሁንም በሕመምተኛው ብብት ሥር ነው። ልዩነቱ አንዳንዴ ፊልሙ በሲዲ መተካቱ ብቻ ነው፤ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ደግሞ እየጠፋ ነው። ቤት ለመለወጥ የሚገደዱት ብዙውን ጊዜ አቅም የሌላቸው በመሆናቸው፣ የማኅደር አለመያያዝ የሚጎዳው ሁሉንም እኩል አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው ሲቲ ስካኑን ነገ ደግሞ ይነሣል።

ወደ አክስቴ ፊልም ልመለስ። ከሁለት ሳምንት ፍለጋ በኋላ ጉለሌ ባለ ዘመዳችን ቤት በአደራ ከተቀመጠ ዕቃ መካከል፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ፣ ካርቶን ውስጥ ተገኘ። አንዱ ጥግ በእርጥበት ተበላሽቷል፤ የሳንባው ክፍል ግን ደኅና ነው። አብሮ አደጌ የራጅ ስፔሻሊስት ሲሆን የሚሠራው ጎንደር ነው። በአክስቴ ፈቃድ ሁለቱንም ፊልሞች ፎቶ አንሥቼ ልልክለት ተነሣሁ።

ቤተሰቡ ይህን ሥራ የሚጥልበት ተማሪ ብዙ ስለሆነ አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ። የራጅ ፊልም እጅግ ጥቁር የሆነው ክፍል ከሚያርፍበት ብርሃን አንድ ሺኛውን ብቻ ያሳልፋል፤ ነጩ ክፍል አብዛኛውን ያሳልፋል። የስልክ ካሜራ የሚያስቀምጠው ተራ ፎቶ ግን ለአንድ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ አሉት። ስለዚህ ፊልሙን በመስኮት ላይ አድርጎ በሰማይ ብርሃን ማንሣት አይበጅም፤ የውጭው ዛፍና ደመና አብሮ ይታያል፣ ካሜራውም በሰማዩ ድምቀት ተታሎ ሳንባውን ያጠቁረዋል። ላፕቶፕ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና ብርሃኑን እስከ መጨረሻ አድርሱ። ክፍሉን አጨልሙ። ፊልሙን በማያው ላይ ስትዘረጉ ከጣት ውፍረት ያህል አራቁት፤ ከተለጠፈ የማያው ፒክስሎች ከፊልሙ ጋር ተደርበው ሞገድ የመሰለ መስመር ይፈጥራሉ። ፍላሽ አጥፉ። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ አጠራጣሪውን ክፍል ለብቻው፣ አንድ ጊዜ ደመቅ አንድ ጊዜ ጨለም አድርጋችሁ አንሡ። ስም የተጻፈበትን ጥግ ሸፍኑ።

አላላኩም ቁም ነገር አለው። 43 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ፊልም በ4,000 ፒክስል ሲነሣ እያንዳንዱ ፒክስል 0.11 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል፤ ጥሩ ነው። በቴሌግራም «እንደ ፎቶ» ከላካችሁት ግን ፕሮግራሙ ጨምቆ ወደ 1,280 ፒክስል ገደማ ሊያወርደው ይችላል። ያን ጊዜ አንዱ ፒክስል 0.34 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀጫጭን መስመሮችና ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይጠፋሉ። «እንደ ፋይል» ላኩት። እንዲህም ሆኖ ይህ ለቤተሰብ ምክር እንጂ ለምርመራ ውሳኔ የሚሆን መንገድ አይደለም፤ ውሳኔው ሕመምተኛዋን ከሚከታተሉት ሐኪም ነው።

ከአራት ኪሎ፣ ከቢሮዬ ላክሁት። ሁለቱ ፋይሎች በሰከንዶች ውስጥ ጎንደር ገቡ። ጓደኛዬ ተረኛ ስለነበር መልሱ የመጣው ማታ ነው፦ «የድሮ ጠባሳ ይመስላል። ቅርጹም መጠኑም አልተለወጠም። የአክታውን ምርመራ ግን እንዳይተዉት፤ ሁለቱንም ፊልም ለሐኪማቸው ያሳዩ።» ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅለው አዩና ሲቲ ስካኑን ሠረዙት፤ የአክታው ውጤትም ነፃ ሆነ። ሳሉ ብሮንካይት ነበር።

ፊልሞቹን በአንድ ፖስታ ከትቼ መለስኩላቸው። አክስቴ ፖስታውን ፍራሻቸው ሥር ካስቀመጡ በኋላ «በስልክህ ያለውንም እንዳታጠፋው፣ ልጄ» ሲሉ አደራ አሉኝ።